ዘጠኝ ነው ያልኩሽ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፏል። ክፍሏ ውስጥ የሚያበራው የኮምፒውተሩ ስክሪን ብቻ ነው። ታካሚዬ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ሁለተኛ ልጇን ከአንድ ቀን በፊት በኦፕራሲዮን ወልዳለች። ሕፃኑ ተኝቷል፤ እሷ ግን ጣሪያውን እያየች ዝም ብላለች። እንደ ደንቡ ጠየቅኳት፦ ከዜሮ እስከ ዐሥር ሕመምሽ ስንት ነው? «ዘጠኝ» አለች፣ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። ፊቷን አየሁ። አታለቅስም፣ አታቃስትም። እጄ ኪቦርዱ ላይ ሄዶ ስድስት ጻፈ።

አሁን እንኳ «እጄ ጻፈ» ብዬ ለማምለጥ መሞከሬን ልብ በሉልኝ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ቀጥዬ፣ ያጽናናሁ መስሎኝ፣ «በጣም ጠንካራ ነሽ እኮ» አልኳት። ያን ጊዜ ነው ፊቷን ወደ እኔ ያዞረችው። ስክሪኑ ወደ አልጋዋ ዞሮ ኖሮ ቁጥሩን አይታዋለች። «ዘጠኝ ነው ያልኩሽ» አለችኝ። «ጠንካራ አትበይኝ። ያልኩሽን ጻፊ።»

አስተካከልኩት። ሐኪሙን ጠራሁ፣ መድኃኒቷ ተጨመረላት፣ ሊነጋጋ ሲል እንቅልፍ ወሰዳት። በሥራ ቋንቋ ከተናገርን ምንም ያልተፈጠረበት ሌሊት ነው። የከሰሰኝ የለም፣ ያየኝም የለም። ስወጣ ግን «ደህና ዋይ» ስላት አልመለሰችልኝም። ያቺ ዝምታ ይኸው ዓመታት አልፈዋት አብራኝ ትኖራለች።

ሦስቱ የት ገቡ?

መኪናዬ ውስጥ ቁልፉን ሳላዞር ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፤ ሦስቱ የት ገቡ? ከዘጠኝ ስድስት ሲነሳ የሚተርፉት ሦስቱ። በእሷ አፍና በእኔ ጣት መካከል ያለው መንገድ አንድ ክንድ አይሞላም፤ እዚያች ላይ ጠፉ።

ቶሎ የደረሰልኝ መልስ ማናችንም የምንሰጠው ነው፦ እኔ ራሴ ጥቁር ነኝ፣ እንዴት ብዬ ነው በጥቁርነቷ የማሳንሳት? ይህ መልስ ለአንድ ሳምንት ያህል ጥሩ እንቅልፍ አስተኛኝ። ከዚያ አገር ቤት የሠራሁባቸው ዓመታት አንድ በአንድ ይመጡብኝ ጀመር።

ሚድዋይፍ ሆኜ የተቀጠርኩት ገጠር ጤና ጣቢያ ነበር። የወለደች ሴት ከተቀደደች እንሰፋለን፤ ከመስፋታችን በፊት ደግሞ ሊዶኬይን የሚባል ማደንዘዣ እንወጋታለን። ሊዶኬይን የሚያልቅበት ወር አለ። ሲያልቅ «ትንሽ ናት፣ ቻይው እህቴ» ብለን እንሰፋለን። እዚህ ላይ ባቆም ጥፋቱ የእጥረት ይሆንልኝ ነበር። ነገር ግን መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ እያለ፣ ሌላዋ ምጥ ላይ ሆና ከጎን እየጠራችኝ፣ «ሁለት ስፌት ናት» ብዬ ሳልወጋ የሰፋሁበት ቀን አለ። አንድ ቀን ብቻም አይደለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ነክሰው ይችሉ ነበር። ስጨርስ «እግዜር ይስጥሽ» ይሉኛል፤ እኔም «ጀግና!» እላቸዋለሁ።

እኛ ዘንድ ጀግና የምትባለው ድምጿ ያልተሰማው ናት። «ጎረቤት ሳይሰማ ወለደች» ሲባል ምስጋና ነው። ወልዳ ለተገላገለች ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምንለውም እኛው ነን። ምጥ ምሕረት የሚለመንበት ጭንቅ መሆኑን ሰላምታችን ራሱ ያውቀዋል ማለት ነው። ብቻ ሰላምታው የሚደርሰው ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። በጭንቁ ሰዓት የሚሰማው ሌላ ቃል ነው፤ ቻይው።

ማንኪያው

ነገሩን የነገርኩት ለአንዲት አንጋፋ ነርስ ነው። እሳቸውም ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፤ ሥራውን የጀመሩት እኔ ሳልወለድ ነው። (እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በሆዴ አንቱ እያልኩ ነው የማናግራቸው።) ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም። ቡናቸውን እያማሰሉ «አናርካን ታውቂያታለሽ?» አሉኝ። አላውቃትም። «ሲምስንስ?»

ሲምስንማ እንዴት አላውቀውም! ሲምስ ስፔኩለም፤ የሴትን ብልት ከፍተን ውስጡን የምናይበት፣ ሁለት ጫፍ ያለው፣ እንደ ዳክዬ መንቁር የታጠፈ ብረት። ሴትየዋ በግራ ጎኗ ተኝታ ቀኝ ጉልበቷን ስታጥፍ ደግሞ ሲምስ ፖዚሽን ይባላል፤ ፈተና ላይ መጥቶልኝ ያውቃል። ጤና ጣቢያ ሳለሁ ሽንቷ አልቆም ያላት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መጣች። ፊኛዋን በሰማያዊ ቀለም ሞልተን ቀለሙ በየት እንደሚወርድ ያየነው በዚያው ብረት ነው። ፌስቱላ ነበር፣ ምጥ ሲረዝም በፊኛና በብልት መካከል የሚከፈት ቀዳዳ፤ ወደ ባሕር ዳር ላክናት። ስም መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይህን ስም ሺህ ጊዜ ስጠራው ያወጣው መልአክ ይሁን ሌላ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እሳቸው የጀመሩልኝን ታሪክ ቤቴ ገብቼ አነበብኩት። የሚገርመው፣ ዋናው ምስክር ራሱ ሰውየው ነው። ጄምስ ማሪዮን ሲምስ ሕይወቱን ጽፎ ሞተ፤ መጽሐፉ በ1884 ታተመ (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። የሚያፍርበት ነገር ስላልነበረው ምንም አልደበቀም።

ቦታው አላባማ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ከተማ ነው፤ ጊዜው ከ1845 እስከ 1849። አናርካ የዐሥራ ሰባት ዓመት ባሪያ ነበረች። ሦስት ቀን አማጠች። ልጁ ከወጣ በኋላ ሽንቷም ሰገራዋም ያለ ፈቃዷ ይወርድባት ጀመር። ቤትሲና ሉሲ የሚባሉ፣ እንደ እሷ ገና ልጅ የሆኑ፣ ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰባቸው ሌሎች ባሪያዎችም ተገኙ። ከእነሱ ሌላም ነበሩ፤ የእነዚያን ስም አልጻፈውም።

ከአፍሪካ ባሪያ ማስገባት በአሜሪካ ሕግ የተከለከለው በ1808 ነው። ከዚያ ወዲያ የባሪያ ጌታ ሀብት የሚጨምረው በባሪያዋ ማኅፀን ነው። መውለድ የማትችል፣ ሽንቷ የሚፈስ፣ ቤት የማትገባ ሴት ለጌታዋ ኪሳራ ናት። ሲምስ ከጌቶቹ ጋር ተዋዋለ፤ ቀለባቸውን እኔ እችላለሁ፣ ግብራቸውን እናንተ ክፈሉ፣ እስክጨርስ ግን አትውሰዱብኝ አለ። ጓሮው ውስጥ ትንሽ ሆስፒታል ሠራላቸው። ሴቶቹ ራሳቸው ቅደደን ብለው ይለምኑኝ ነበር ይላል። ሊሆን ይችላል፤ ያ በሽታ ያለባት ሴት መዳንን እንዴት እንደምትመኝ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን እምቢ ማለት የማትችል ሴት እሺ ስትል ምን አለች ይባላል?

ስፔኩለሙ የተጀመረው በማንኪያ ነው። ሲምስ የብረት ማንኪያ ገዝቶ እጀታውን አጠፈውና ከዚያ በፊት ማንም ሰው ያላየውን አየሁ ብሎ ጻፈ። የታየችው ቤትሲ ናት።

መጀመሪያ የተቀደደችው ሉሲ ነበረች። ለእኔ ሉሲ ማለት ድንቅነሽ ናት፤ ሐዳር ላይ ስትገኝ ፈረንጆቹ አንድ ስም አወጡላት፣ እኛ ደግሞ የራሳችንን። የአላባማዋን ሉሲም እናቷ በጓዳ የምትጠራበት ሌላ ስም ኖሯት ይሆናል። በጉልበቷና በክንዷ ተደግፋ፣ ዐሥራ ሁለት የሚሆኑ ሐኪሞች ከበው እያዩዋት፣ አንድ ሰዓት ያህል ተቆረጠች፣ ተሰፋች። ማደንዘዣ የለም። ሽንቷን እንዲመጥ ብሎ ስፖንጅ ተወባት፤ ስፖንጁ ጠጥሮ ተጣበቀ። ሲነቀልላት የደረሰባትን ሥቃይ ራሱ ነው የጻፈው። ልትሞትብኝ ነው ብዬ ነበር ይላል። ሁለት ሦስት ወር ተኛች።

አናርካ ሠላሳ ጊዜ ያህል ተቆረጠች። በ1849 በብር ክር ተሰፍታ ዳነች። ኤተር የሚባለው ማደንዘዣ ቦስተን ላይ በሕዝብ ፊት የተሞከረው በኦክቶበር 1846 ነው፤ አናርካ ሠላሳኛው ላይ ስትደርስ ማደንዘዣ ሦስት ዓመት ሊደፍን ነበር። ለሲምስ የሚከራከሩ ሰዎች አሉ። ኤተር ገና አዲስ ነበር፣ ሐኪሙ ሁሉ ይፈራው ነበር ይላሉ፤ እውነት አለው። ከቀዶ በኋላ ኦፒየም ይሰጣቸው ነበር ይላሉ፤ ያም እውነት ነው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። በ1857 ኒው ዮርክ ላይ፣ ሐኪሞች በተሰበሰቡበት ቆሞ፣ ይህ ቀዶ ማደንዘዣ የሚያስፈልገው ያህል አያምም አለ። የሉሲን ሥቃይ ቆሞ ያየ ሰው! ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዲሉ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን። እዚህ ግን ጽፎ ያቆየልን የወጋው ነው። የተወጉት እንዳይጽፉ፣ በአላባማ ባሪያን ፊደል ማስቆጠር ራሱ በሕግ ክልክል ነበር።

የሚይዙት እጆች

አንጋፋዋ ነርስ ከነገሩኝ ውስጥ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው፤ ሲምስ እየደጋገመ ሲሳነው ነጮቹ ረዳቶቹ ሰለቹና ተዉት። ስለዚህ ሴቶቹን አሠለጠናቸው። አንዷ ስትቀደድ ሌሎቹ ይይዟታል፣ መሣሪያ ያቀብላሉ፣ ቁስሏን ያጥባሉ። በማግሥቱ ተራው የሌላዋ ነው። «የመጀመሪያዎቹ የማኅፀን ነርሶች እነሱ ናቸው» አሉኝ፤ «እኔም አንቺም ከእነሱ ነው የመጣነው።»

«አንቺም» ያሉት ቃል ላይ ቅር አለኝ። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ እመለስበታለሁ።

ታሪኩን ስሰማ ወዲያው ትዝ ያሉኝ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ልጅ ሆነው ተድረው፣ አራት ቀን አምጠው፣ ልጁ ሞቶ፣ እሳቸው በፌስቱላ ተጎድተው በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጡ። ያከሟቸው በ1959 ከአውስትራሊያ የመጡት ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን ናቸው፤ ያን ጊዜ ይሠሩ የነበሩት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል፣ ዛሬ ጦር ኃይሎች በምንለው። (ልዕልቲቱ ራሳቸው ለንደን ተምረው የመጡ ነርስ ነበሩ፤ በ1942 ነቀምት ላይ፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ዐረፉ። ሆስፒታሉ ስማቸውን የወሰደው ከዚያ ነው። ይህን የሚያስታውስ ሰው አሁን ብዙም አይገጥመኝም።) ወይዘሮ ማሚቱ ወደ መንደራቸው አልተመለሱም። አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፤ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብተው ዕቃ አቀበሉ፤ ከዚያ ዶክተር ሬጂናልድ እጃቸውን ይዘው መስፋት አስተማሯቸው። ፊደል ሳይቆጥሩ የፌስቱላ ቀዳጅ ሆኑ። ከውጭ የመጡ ስፔሻሊስቶች ከጎናቸው ቆመው ይማሩ ነበር። በ2018 ቢቢሲ ከዓመቱ መቶ ሴቶች አንዷ ብሎ መረጣቸው።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ፈራሁ። ሐምሊኖችን ከሲምስ ጋር በአንድ ሚዛን ማውጣት ግፍ ነው፤ እነሱ ዘንድ የመጣች ሴት ማደንዘዣ አግኝታ፣ ፈቅዳ፣ ሳትከፍል ታክማለች። ግን በሽታው አንድ ነው፣ ብረቱ አንድ ነው፣ ታካሚዋ ነርስ የሆነችበት መንገድም ይመሳሰላል። ልዩነቱ የሁሉም ነገር ልዩነት ነው፦ ወይዘሮ ማሚቱ መሄድ ይችሉ ነበር፤ ፈልገው ቀሩ። አናርካ የምትሄድበት አልነበራትም።

ሲምስ በ1855 ኒው ዮርክ ላይ የሴቶች ሆስፒታል አቋቋመ፤ ሆስፒታሉ በኋላ በተዛወረበት ቦታ ላይ ዛሬ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ቆሟል። ምጥ ሲረዝም ቶሎ ኦፕራሲዮን ማድረግ ሲቻል ፌስቱላ ከሀብታም አገር ጠፋ። እኛ ዘንድ በተቃራኒው በ1974 ለዚሁ በሽታ አዲስ ሆስፒታል ተቋቋመለት። ሐምሊኖች ሙያውን ሲጀምሩ አሮጌ ጽሑፎችን እያገላበጡ፣ ከካይሮው ሐኪም ከናጊብ ማሕፉዝ ፓሻ ሥራ እየተማሩ ነበር። በሽታው ከእነሱ አገር ስለጠፋ እውቀቱም አብሮ እየጠፋ ነበርና።

«እነሱ»

ወደ ቅሬታዬ ልመለስ። «እኔም አንቺም» ሲሉኝ ለምን ደስ አላለኝም?

እኔ ባለሁበት፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሐበሻ ነርስ ብዙ ነው። እሑድ ቡና ላይ ስንሰበሰብ ወሬው የሥራ ነው፣ የሥራው ወሬ ደግሞ «እነሱ» የሚል ቃል አለው። እነሱ ያካብዳሉ። እነሱ ትንሽ ነገር ሲያማቸው አገር ይያዝ ይላሉ። እነሱ መድኃኒት ይወዳሉ። «እነሱ» ማን እንደሆኑ ስኒ ዙሪያ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል፤ ነጮቹን አይደለም። እኔም ብያለሁ። ስሰማም ስቄያለሁ። እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ እኛ ዓድዋ አለን፣ እኛ ባሪያ ሆነን አናውቅም፤ ስለዚህ የአናርካ ታሪክ ያሳዝነናል እንጂ አይመለከተንም። «አንቺም» የሚለው ቃል ያንን አጥር ነው የዘለለብኝ።

ሳስበው ሳስበው ግን አጥሩ በእኛ በኩልም ተሰብሯል። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፤ እናቴ ከመወለዷ ጥቂት ዓመታት በፊት ማለት ነው። አያቴ ቤት አንዲት አሮጊት ነበሩ። የቤተሰብ ናቸው ይባላል። ከእኛ ጋር ማዕድ ቀርበው ግን አንድ ቀን አላየሁም። ጓዳ ነበር የሚበሉት፣ ጓዳ ነበር የሚተኙት። ከሞቱ በኋላ ስማቸው ሲነሳ የምሰማው አንድ ነገር ነው፤ «አቤት ስትችል! ጉልበቷ! ታመምኩ ብላ አታውቅም።»

ለእናቴ ደወልኩ። ስለ ሌላ ነገር ካወራን በኋላ እንደዘበት ጠየቅኳት፤ እማዬ፣ የእነዚያ አሮጊት ስም ማን ነበር?

ዝም አለች። «እማማ ነበር የምንላቸው» አለችኝ።

«እሱማ፣ ስማቸውን ነው።»

«እንጃ ልጄ። አያትሽ ያወጣችላቸው ስም ነበር መሰለኝ… ለምን ፈለግሽው?»

ሲምስ እንኳ የሦስቱን ስም ጽፏል።

ከዚያ ወዲህ ስድስቱ ከየት እንደመጣ በከፊል ገባኝ። ከአሜሪካ ብቻ አልተማርኩትም። አሜሪካ ውስጥ የተዘረጋ መንገድ አለ፤ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ባሳተሙት ጥናት ነጭ ከሆኑት የሕክምና ተማሪዎችና ሬዚደንቶች ግማሽ ያህሉ ጥቁር ሰው በተፈጥሮው የተለየ ነው ከሚሉት የሐሰት እምነቶች ቢያንስ አንዱን ተቀብለዋል፤ ለምሳሌ የጥቁር ቆዳ ከነጭ ይወፍራል የሚለውን። እነዚያው ሰዎች የጥቁሩን ሕመም ዝቅ አድርገው ገመቱ፣ የሚያዙት መድኃኒትም ያን ያህል ትክክል አልሆነም። እኔ ቆዳ ይወፍራል ብዬ አምኜ አላውቅም። እኔ ያመጣሁት ሌላውን ሻንጣ ነው፤ የምትችል ሴት ትቻል የሚለውን፣ ጓዳ የምትበላዋን «ቻይ» ብሎ የሚያመሰግነውን። ሁለቱ መንገዶች አንዲት ሴት አልጋ ራስጌ ላይ ተገናኙና ዘጠኙ ስድስት ሆነ።

አሜሪካ ውስጥ በ2023 ከመቶ ሺህ ሕያው ልደት 50.3 ጥቁር እናቶች ሞተዋል፤ ከነጮቹ 14.5። ይህን ቁጥር እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጄ ነው ያሳየችኝ፣ ለትምህርት ቤት ሥራ ስትፈልግ። «እኔ በየትኛው ነው የምቆጠረው?» አላለችኝም። ታውቀዋለች። ቅጹ ላይ «ሐበሻ» የሚል ሳጥን የለም።

ባዶው ድንጋይ

የሲምስ ሐውልት ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ጫፍ ላይ፣ አምስተኛው ጎዳና ከመቶ ሦስተኛው መንገድ በሚገናኝበት፣ ከ1934 ጀምሮ ቆሞ ነበር። በኤፕሪል 2018 ተነሣ። በዓመቱ ለዘመድ ሠርግ ኒው ዮርክ ስሄድ ባዶውን መሠረት ልየው ብዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አንድ ነገር እንደሚሰማኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እውነቱን ልናገርና ምንም አልተሰማኝም። ድንጋይ ነው። ብርድ ነበር፣ ጫማዬ የሠርግ ጫማ ነው፣ ውሻ የሚያናፍሱ ሰዎች ያልፋሉ። ፎቶ አንስቼ ሄድኩ። ሞንትጎመሪ ላይ በ2021 የተመረቀውን፣ ሚሼል ብራውደር ከተጣለ ብረት በብየዳ የሠራችውን የአናርካ፣ የቤትሲና የሉሲን ሐውልት ግን በፎቶ ብቻ አይቼ ረጅም ሰዓት ከስልኬ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ምናልባት ብረት ስለሆነ ይሆናል። ከብረት ጋር ነው የኖርኩት።

ያቺን ታካሚ ፈልጌ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ አስቤ አውቃለሁ። ፋይል ከፍቶ የታካሚ አድራሻ መፈለግ ከሥራ ያስባርራል፤ ደግሞ ይቅርታው ለእሷ ይሁን ለእኔ እንቅልፍ ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም። ተውኩት። አንድ ነገር ብቻ ለወጥኩ፤ ስክሪኑን ወደ ታካሚዋ አዙሬ፣ ቁጥሩን እያየችኝ እጽፋለሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት ሐበሻ ምጥ ይዟት መጣች። የመጀመሪያዋ ነው። ባሏ ሥራ ላይ ነበርና እስኪደርስ ብቻዋን ናት፤ እናቷ ከደሴ በስልክ አሉ፣ ምስላቸው ትራሱ ላይ ተደግፎ። ምጡ ሲመጣ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ሲለቃት ወደ ስልኩ ዞራ «ደህና ነኝ እማዬ፣ ምንም አይልም» ትላለች። እናቷም «በርቺ የኔ ጀግና፣ ቻይው» ይሏታል።

ስንት ነው አልኳት። «ሁለት።»

ጣቶቿ ነጥተዋል። ሁለት ብዬ ጻፍኩ፤ ያለችውን ነው የምጽፈው። ከዚያ መረቡ ተቆረጠና እናቷ ከስልኩ ጠፉ። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «አሁን እናትሽ አይሰሙም» አልኳት።

ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሌሎቹ ስንት ይላሉ?» አለችኝ።

«ሌሎቹን ተያቸው።»

አንድ ምጥ መጥቶ እስኪሄድ ጠበቅን። ላቧን ጠረግኩላት። «ስምንት» አለች። ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ እንደምታፍር ሆና፣ «ተኩል» ብላ ጨመረችበት።

ኮምፒውተሩ ተኩል አይቀበልም። ዘጠኝ አደረግኩት።